ጥላውን ለባዶው በርጩማ የሰጡት አቶ ደሴ ይታያል (ጋሽ ፈቀቅ)

አቶ ደሴ ይታያል ከአባታቸው ከአቶ ይታያል ተገኝና ከእናታቸው ከወ/ሮ የዓለምወርቅ እሸቴ በኅዳር ወር 1966 ዓ.ም. ከአዋሽ ወንዝ ዳር በነበረ የጥጥ እርሻ፣ በለቃሚዎች ሰፈር ውስጥ ተወለዱ። ቀኑን የጻፈው የለም። ለቀማው የደራበት ሰሞን ስለነበር እናታቸው ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ጆንያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወደ ማሳው ተመልሰዋል።

አባታቸው ከወረኢሉ የወረዱት ለአንድ የለቀማ ወቅት ብለው ነው። ሲመጡ የደጋ ካፖርታቸውን ለብሰው ነበር። እዚህ ንዳድ ውስጥ ካፖርት ምን ሊሠራ፣ ግን አልሸጡትም፤ “ለመመለሻዬ” ብለው አሥራ አራት ዓመት አኖሩት። ሳይመለሱ ሞቱ።

ካፖርቱ ግን ሥራ አልፈታም። አባትና እናት ጥጥ ሲለቅሙ በማሳው ዳር አራት እንጨት ተተክሎ ካፖርቱ ከላይ ይዘረጋል፤ ሕፃኑ ደሴ ከሥሩ ይተኛሉ። ጠባቂያቸው የስድስት ዓመቱ ታላቅ ወንድማቸው ሰማኸኝ ነበር። ጥላው ለአንድ ሕፃን እንጂ ለሁለት አይበቃም። ፀሐይ በዞረች ቁጥር ሰማኸኝ “ፈቀቅ በል፣ ደስዬ” እያለ ሕፃኑን በጨርቁ ይጎትትና ጥላው ውስጥ ይከታል፤ እርሱ ከውጭ ይቀመጣል። ሁለት የለቀማ ወቅት እንዲህ አለፈ። የሰማኸኝ ጀርባ ተልጦ ተልጦ እስከ ዛሬ ቀለሙ ሁለት ዓይነት ነው። ይህን ከቤተሰቡ አንድም ሰው በሰው ፊት አንሥቶት አያውቅም። ስለዚህ እዚህ ላይ ተጽፏል።

በ1973 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ መጣ። አባት ሲታመሙ ከሁለቱ ልጆች አንዱ ትምህርቱን መተው ነበረበት፤ ታላቁ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ባቡር ጣቢያው ጫኝና አውራጅ ሆነ። አቶ ደሴ በአንጻሩ ሳይቋረጥባቸው ተምረው በ1985 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። ጎበዝ ነበሩ፤ አይካድም። ውጤቱ በመጣ ዕለት ሰው ሁሉ የመምህሮቻቸውን ስም እየጠራ ሲያመሰግን ሰማኸኝ ስኳር ሲያወርድ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. በገዋኔ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ1991 ዓ.ም. ከወ/ሮ ተስፋነሽ አበጋዝ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ሴት ልጃቸውን ፍቅረሰላምን በ1993፣ ወንድ ልጃቸውን አትክልትን በ1997 ዓ.ም. ወለዱ። በሠርጉ ዕለት የሙሽራው ብቸኛ ወንድም ከሹፌሮቹ ጋር እንዲቀመጥ ተደርጓል። የመቀመጫውን ዝርዝር የያዘው የአክስታቸው ልጅ እንድሪያስ ነበር። እንድሪያስ ዛሬም እዚሁ ስላለ ሊጠየቅ ይችላል።

በ1998 ዓ.ም. አቶ ደሴ ወደ ሰመራ ተዛወሩ። ወ/ሮ ተስፋነሽ የሰመራ ሙቀት ለጤናቸው ስላልሆነ ልጆቹን ይዘው አዋሽ ገቡ። አቶ ደሴ አንድ ክፍል ተከራይተው በወር አንድ ጊዜ እየተመላለሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብቻቸውን ኖሩ። ቀኑን ሙሉ ፋይል ያወጣሉ፣ ፋይል ይመልሳሉ። ሰው ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚናገረው ቁጥር ብቻ ነው። “ከቢሮ ወጥቼ ክፍሌ እስክገባ ድምፄን የምሰማው ባጃጅ ስጠራ ነው” ይሉ እንደነበር ባለቤታቸው ያስታውሳሉ።

የእድራችን ኮሚቴና የተማረው እንድሪያስ ከዚህ በኋላ ያለውን “የቀልድ ነገር ለቀብር አይሆንም፣ ይውጣ” ብለዋል። እንድሪያስ በኮምፒውተር አስጽፎ ያመጣው ግማሽ ገጽ ላይ የሥራ ደረጃና የምስክር ወረቀት አለ፤ ሰውየው ግን የሉበትም። አቶ ደሴ ይታያል ክላውን ነበሩ። ይህ አይወጣም።

ነገሩ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ የሰርከስ ቡድን ሰመራ ለሕፃናት ሊያሳይ ተሰናድቶ ሳለ ክላውናቸው በሙቀቱ ራሱን ሳተ። አቶ ደሴ ወንበር ሲደረድሩ ነበርና ልብሱን አልብሰው፣ ቀይ አፍንጫ አስረው፣ ፊታቸውን ነጭ ቀብተው አስወጧቸው። አንድም ሕፃን አልሳቀም። ላባቸው ቀለሙን እያጠበ አንገታቸው ላይ ሲያወርደው አንዲት ልጅ “ሰውየው ቀለጠ!” ብላ አለቀሰች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይተወው ነበር። እርሳቸው ግን በማግስቱ አፍንጫውን ከቆርኪ ሠርተው ሎጊያ ሄዱ። በሎጊያ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ የሚሸጡት ወ/ሮ ኑርሀያት አይተዋቸው፣

“ደሴ፣ ወላሂ ይሄ አፍንጫ ካንተ ጋር አይተዋወቅም” አሏቸው።

“ክላውን እንዲህ ነው፣ ኑርሀያት።”

“የማን ክላውን? የሰው ነው፣ ተውሰህ ነው የመጣኸው። ያንተ የት አለ?”

አቶ ደሴ ያንን ጥያቄ ይዘው ሁለት ዓመት ባከኑ። ሰካራም ሆነው ሞከሩ፤ እዚህ አገር ሰካራም አያስቅም፣ ያሳፍራል። ወፍራም ሴት ሆነው ሞከሩ፤ ሰው ፊቱን አዞረ። ቋንቋም አስቸገራቸው። በአማርኛ ቢቀልዱ ግማሹ አይሰማም፣ በአፋርኛ እንዳይቀልዱ አፋርኛቸው ለሰላምታ ብቻ ነው። ስለዚህ ክላውናቸው ዝም የሚል ሰው መሆን እንዳለበት አወቁ። ማን እንደሆነ ግን አላወቁም። ቅዳሜና እሑድ በር ዘግተው መስታወት ፊት ይቀመጣሉ። ጎረቤት ጤናቸውን ተጠራጥሮ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ አዋሽ መጥተው ታላቅ ወንድማቸውን የአባታቸውን ካፖርት ጠየቁ። ካፖርቱ አባት ሲሞቱ ለሰማኸኝ የቀረ ብቸኛ ዕቃ ነው። “ለአንድ ሳምንት ነው” አሉ፤ ተሰጣቸው። አልተመለሰም።

ካፖርቱን ለብሰው፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጢማቸውን በጠመኔ አንጥተው ሰመራ አንድ ሜዳ ላይ ወጡ። አፍንጫ የለም፣ ቀለም የለም። በዚያ ፀሐይ መሐል ዝም ብለው ቆሙ። ከፊት የተቀመጡት የአፋር ሽማግሌ ሐጂ መሀመድአሚን ነገሩ ጨዋታ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ተነሡና እጃቸውን ያዟቸው።

“ና፣ ና እዚህ ተቀመጥ። ሽማግሌ ሰው ፀሐይ ላይ አይቆምም። ውሃ አምጡ እንጂ፣ ምን ታያላችሁ!”

የፊቱ ረድፍ በሙሉ ቆመ። ውሃ መጣ። ትርኢቱ ፈረሰ፤ የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ አቶ ደሴ በሐጂው ቦታ በጥላው ሥር ተቀምጠው ላብ አሰመጣቸው። ግን ሐጂው ፀሐይ ላይ ቆመው ቀሩና እንዴት አስችሏቸው ይቀመጡ? ተነሥተው ቦታውን መለሱላቸው። ሐጂው እምቢ አሉ። እርሳቸውም እምቢ አሉ። አንዲት አሮጊት ጠርተው ሊያስቀምጡ ቢሉ አሮጊቷ ደግሞ እርሳቸው ካልተቀመጡ አልቀመጥም አሉ። ቦታው ባዶውን ቀረ፤ ሦስቱም በፀሐይ ቆመው “አንተ ተቀመጥ፣ አንቺ ተቀመጪ” ይባባሉ ጀመር። ያኔ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ሜዳው በሙሉ ሳቀ፤ ሐጂውም ገባቸውና ከዘራቸውን ጥለው ሳቁ።

ጋሽ ፈቀቅ የተወለዱት በዚያ ስሕተት ነው። ስሙን ያወጡት ራሳቸው አቶ ደሴ ናቸው።

በዚያው ዓመት አዋሽ አናጺ ዘንድ ሁለት ትንንሽ በርጩማ አሠርተው ወደ ወንድማቸው መጡ። ሰማኸኝ ያን ጊዜ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ጋራዥ ውስጥ ጥበቃ ሆኖ ነበር።

“ሁለት ሰው ነው የሚሆነው፣ ሰማኸኝ። ምንም አትናገርም፣ ትቀመጣለህ ብቻ።”

“ካፖርቱን መልስ።”

“አንድ ጊዜ ብቻ አብረኸኝ ውጣ። ከዚያ እመልሳለሁ።”

“በድህነቴ ሊሳቅ? ካፖርቱን መልስ ነው የምልህ።”

አልመለሱም። ብቻቸውን፣ ግን ከሁለቱም በርጩማ ጋር ወጡ።

ጨዋታውን ያላያችሁ ትኖራላችሁና ልክ እንደነበረው ይጻፍ። ጋሽ ፈቀቅ በካፖርታቸው፣ በሁለት ብብታቸው ሁለት በርጩማ ይዘው ይመጣሉ። ጥላ ይፈልጋሉ። ካላገኙ የባንዲራ እንጨት ጥላም ይበቃቸዋል። አንዱን በርጩማ ጥላው ላይ ያስቀምጡና በካፖርታቸው እጅጌ ይጠርጉታል። እርሳቸው በሌላው ላይ፣ ከጥላው ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ መንገዱን ያያሉ። ጥላው ሲዞር አስቀድመው ባዶውን በርጩማ ያዛውራሉ፣ ቀጥሎ የራሳቸውን። ሰው መጥቶ በባዶው ልቀመጥ ሲል እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ እጃቸውን ጣል ያደርጉበትና፣ “ሰው አለው” ይላሉ። በትርኢቱ ሁሉ ያለው ቃል ይኸው ብቻ ነው። አማርኛ የማይሰማው ሳይቀር ያውቀዋል፤ የሎጊያ ሕፃናት “ሰው አለው!” እያሉ ነበር የሚከተሏቸው።

ሎጊያ ላይ የቆመ ተሳቢ ጥላ ውስጥ በርጩማውን ያስቀምጣሉ፤ ሹፌሩ አስነሥቶ ሲሄድ ሁለቱን በርጩማ ተሸክመው ጥላውን ሊያስመልሱ ይሮጣሉ። የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች ለዚህ ብለው ሆን ብለው መኪና ያስነሡ ነበር። ሰው እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ሲያበቃ ጋሽ ፈቀቅ መንገዱን አንድ ጊዜ አይተው፣ በርጩማቸውን በብብታቸው ይዘው ይሄዳሉ። ያልመጣው ሰው ማን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም።

ካፖርቱን ሲያወልቁ ደግሞ የሚያውቃቸው የለም። ሰላምታው ለካፖርቱ ነበር። ከአንድ ሺህ ሰው ፊት ወርደው ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ ሹፌሩ ጋሽ ፈቀቅን አየህ ወይ ብሎ እርሳቸውኑ ይጠይቃቸዋል። “አላየሁም” ይላሉ። ክፍላቸው ገብተው ካፖርቱን ላቡ እስኪደርቅ ይሰቅሉታል፤ ባዶውን በርጩማ ከራት ሰሐናቸው ፊት ለፊት ያስቀምጡታል። ይህን አከራያቸው ለልጃቸው ለፍቅረሰላም ነግረዋታል።

በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጋሽ ፈቀቅ አዋሽ መጡ። የድሮው ባቡር ጣቢያ ሜዳ ሞላ። ሰማኸኝም ሄደ፤ ባይሄድ ይሻል ነበር። የጋራዡ ልጆች አጠገቡ ቆመው ካፖርቱን ለዩት።

“ሰማኸኝ! ያንተ ካፖርት እኮ ነው!”

“ካፖርቱ ብቻ? አረማመዱን እየው! ራሱ እኮ ነው!”

“ጋሽ ፈቀቅ፣ ሁለት ደመወዝ ትቀበላለህ እንዴ!”

ልክ ነበሩ። አቀማመጡ፣ አንገት ማቀርቀሩ፣ እጁን ከግንባሩ በላይ አድርጎ ፀሐይን መለካቱ የሰማኸኝ ነው። ትርኢቱ ሲያበቃ ሰማኸኝ ወንድሙን በሕዝቡ ፊት “ከዛሬ ወዲያ ወንድም የለህም” አለው። አቶ ደሴ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳይሰማቸው ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋራዡ ውስጥ ሰማኸኝን በስሙ የጠራው የለም፤ ፈቀቅ ነው የሚሉት።

አሥራ ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። አቶ ደሴ በየወሩ መጨረሻ ከሚኒባስ ወርደው ወደ ቤታቸው የሚያልፉት በጋራዡ በር ነው። በሌላ መንገድ መዞር ይቻል ነበር፤ አልዞሩም። በሩ ላይ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ። ሰማኸኝ የሚጠርገው ነገር ይፈልጋል። መቶ ሃምሳ ጊዜ ያህል እንዲህ አልፈዋል።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመሙ። ሐኪም በሙቀት ካፖርት መልበሱን እንዲያቆሙ ነገራቸው፤ እስከ ጥር 2017 አላቆሙም። መጋቢት ላይ ሆስፒታል ገቡ። ፍቅረሰላም ለአጎቷ ደወለች።

“አጎቴ፣ አባዬ ሊያይዎት ይፈልጋል።”

የገዛ ወንድሙ ልጅ “እርስዎ” ስትለው ለዚያ ቤት ባዳ መሆኑን አወቀ። ከጋራዡ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ሰመራ ተሳፈረ። አልጋቸው አጠገብ ያ በርጩማ ነበር፤ ነርሷ ልታነሣው ብትል “ሰው አለው” ብለዋታል። ፊታቸው አልቋል።

“መጣህ?”

“ተጠርቼ ነው።”

“ተቀመጥ።”

“አንተ ሰው ስታስቅብኝ የኖርክበት ላይ?”

“ሰው የሳቀው ስላልመጣህ ነው፣ ሰማኸኝ።”

“አረማመዴን ወስደህ፣ ካፖርቴን ወስደህ፣ ደግሞ እኔኑ ትወቅሰኛለህ?”

“ወስጃለሁ። እማዬ ልትሞት ስትል ጠርታኝ ‘የወንድምህ ጀርባ የተላጠው ባንተ ነው’ አለችኝ። እኔ አላስታውስም፣ ሕፃን ነበርኩ። ካፖርቱን ለብሼ ፀሐይ ላይ ስቀመጥ ያን ጊዜ ገባኝ። አንተን ነው የሠራሁት። አንተ ጥላው ሥር አትቀመጥም ነበር፣ እኔን ፈቀቅ እያደረግህ። ጥላው ላይ ተራው ያንተ ነው ብዬ ነው በርጩማውን ያሠራሁት።”

“ታዲያ በቃል ብትነግረኝስ?”

“አፈርኩ። ለስንት ሺህ ሰው አሳየሁት፣ ላንተ መንገር አቃተኝ።”

ሰማኸኝ የጠያቂ ሰዓት አልቋል ተብሎ እስኪወጣ ድረስ ቆሞ ቀረ። እግሩ ደክሞት ነበር፣ በርጩማውም ከጉልበቱ አንድ ክንድ አይርቅም፤ አልተቀመጠም። አርባ ዓመት ሲጠብቅ የኖረውን ቃል ሰምቶ እንዴት እንደሚቀበለው አላወቀም። ሲወጣ አቶ ደሴ፣ “የሕይወት ታሪኬን አንተ ጻፈው። እንድሪያስ ያሳምረዋል፤ አንተ ግን ታውቀዋለህ” አሉት። በማግስቱ ሥራ ነበረውና ተመለሰ። ሌላ ጊዜ እመጣለሁ ብሎ ነበር።

አቶ ደሴ ይታያል ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ተስፋነሽ አበጋዝን፣ ልጆቻቸውን ፍቅረሰላምና አትክልትን፣ እንዲሁም አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። ከሎጊያ ወ/ሮ ኑርሀያት፣ ከሰመራ ሐጂ መሀመድአሚን ዘጠና ዓመታቸውን ይዘው፣ ሌሎችም ስማቸውን ሳያውቁ ካፖርታቸውን ያወቁ ሰዎች መጥተዋል። ይህን ሁሉ መንገድ ለመጣችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

አስከሬናቸው ላይ የተዘረጋው ካፖርት የአባታቸው የአቶ ይታያል ነው። እንዲመለስ ሲጠየቅ ኖሯል፤ አሁን አይጠየቅም፣ አብሯቸው ይወርዳል። ፀሐይ እንዳይነካቸው የዘረጋው ታላቅ ወንድማቸው ነው።

ራስጌያቸው ከዛፉ ጥላ ሥር የተቀመጠ ባዶ በርጩማ ታያላችሁ። እንግዶች ደክሟችኋል፣ ሙቀትም ነው፤ ይሁንና ይቅርታ አድርጉልን፣ ሰው አለው። ፍቅረሰላም ይህን አንብባ እዚህ መሥመር ላይ ስትደርስ ሰማኸኝ መጥቶ ይቀመጥበታል።

በዚህ ፀሐይ ለሌላው ጥላ ሲይዙ የኖሩትን የወንድማችንን ነፍስ፣ አምላክ ፈቀቅ በሉ የሚል በሌለበት፣ ሙቀትና ድካም በማይደርስበት ያስቀምጥልን። አሜን።